ሃያ ሰባተኛው ጥያቄ

በጋሪ ሲሚንቶ፣ በጋሪ በርበሬ፣
በጋሪ በሽተኛ አመላልሻለሁ፣ ሃያ ዓመት በቡሬ፤
ዳማ ግን፣ ፈረሴ፣ እንደዚያች ሳምንት
ወገቡ ሲጎብጥ አላየሁም፣ ከገዛሁት ዕለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቅጽ አለ አሉ፣
ሃያ ስድስት ጥያቄ ተደርድሮ በውሉ፤
ከዞን ሰው ይመጣል፣ "አለ"ና "የለም"ን በእርሳስ ሊያሰምር፣
ትምህርት ቤቱም እንደ በግ፣ ላቱ ተዳብሶ ደረጃው ሊነገር።
ቤተ መጻሕፍት "የለም" ከተባለ፣ ያፍራሉ ርዕሰ መምህሩ፣
ያፍራል ወላጅ ኮሚቴው፣ ቀበሌው፣ መንደሩ።

ስለዚህ አራት ትምህርት ቤት ተማክረው ባንድ፣
አንድ ቤተ መጻሕፍት ለአራቱም እንዲሆን ዘመድ፣
እኔ እንድሆን መንገድ።

"ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነው" አሉኝ መምህር ልየው፣
"ቁጥሩን ያዝ፣ እንዳይጎድል። ሸራውን ጥፍር አድርገህ እሰረው።"

ሦስት ሌሊት በተርታ፣ ፋኖስ እያበራሁ፣
ከነመደርደሪያው፣ ከነዓመት አቧራው ጫንሁ፣ አወረድሁ፤
እኛ ከፊት ከፊት፣ የዞኑ ሰው ከኋላ፣
አራት ጎተራ ስናሳይ በአንድ ቁና ባቄላ።

በሁለተኛው ሌሊት፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ጎማው ተነፈሰ፤
ሸራው ተገለጠ፣ አንዱ መጽሐፍ ወድቆ ጭቃ ለበሰ።
እንጉዳይ አብራኝ ናት፣ ሦስተኛ ክፍል ናት፣ ልጄ፣
ፋኖስ ልትይዝልኝ፤ እኔ ጎማው ላይ ነው ሁለቱም እጄ።
ጭቃውን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ፊደሉን በጣቷ ተከትላ፦
"ጉ… ማ… ሬ… ቀኑን… ውሃ ውስጥ… ይውላል።"
"ሲመሽስ?" አልኋት። "ቆይ፣ ገጹ ይገለጣል።"

ጎማው ተሠራ። እኔ ግን አልተነሣሁም፤
ጉማሬው ከውሃ ሳይወጣ ልሄድ አልፈለግሁም።
ግን ሊነጋ ሆነ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፤ አላጎደልሁም።

ረቡዕ ከኛ ዘንድ አቶ ሽታሁን ደረሱ፣
ሞተሩን አቁመው ክላሰር አነሡ።
ወንበር ቆጠሩ፣ መስኮት ቆጠሩ፣ መጸዳጃ፣
ያለፈው በመቶ ስንት? ያቋረጠው ስንት? የደገመው ስንት? ለሁሉም ማስረጃ።
ከመደርደሪያው አንዱን መዘዙ፤ የደረቀ ጭቃ
እጃቸው ላይ ረገፈ። መምህር ልየው ቀሩ፣ ቆመው እንደ ዕቃ።

"ይህ ጉማሬ" አሉ፣ "ደኅና መንገደኛ ኖሯል፤
ትናንት ወንዝ ማዶ አይቼው፣ ዛሬ እዚህ ወጥቷል።"
ዝም። እኔም በመስኮት በኩል ዝም።
ከዳማ በቀር የተነፈሰ የለም።

ከዚያ ቅጹን አጥፈው ወደ ልጆቹ ዞሩ፦
"ማን ነው ያነበበው?"
ይኸ ሃያ ሰባተኛ ነው፤ ቅጹ ላይ የለም ቁጥሩ።
አንዲት እጅ ተነሣች ከኋላ፣ ቀጭን ናት፣ ደካማ፦
"እኔ፤ እስከ ገጽ ዘጠኝ። ከዚያ ወዲያ ተሠራ ጎማ።"

ደረጃ አንድ ወጣን። ወረቀቱ ተለጠፈ በሩ ላይ፤
የመምህር ልየውን ሻንጣ ከክረምት በፊት ጫንሁላቸው፣ ሳንተያይ።
አንዳንዱ "ጋሪ ነጂው ነው ያስበላን" ይላል፤ እውነት ሳይሆን አይቀርም፤
እኔ ስለ ደረጃ ሲያወሩ ብዙም አይገባኝም።
ብቻ አቶ ሽታሁን በቅጹ ጀርባ የጻፉት አለ፣ እንጉዳይ አንብባልኝ፦
"መጽሐፉ በቀን ይሂድ፤ ወር ወር ይቆይ።"
የጋሪውን ኪራይ ግን እስካሁን ማንም አልከፈለኝ።

አሁን በቀን እጭናለሁ፣ ሸራ ሳላለብስ፣
ገበያተኛው እያየኝ፣ ከታቹ ሰፈር እስከ ላይኛው ድረስ።
ባለፈው ዳገቱ ጋ አስቆመችኝ፤ ገጽ ዐሥር ደረሰች፦
"ሲመሽ… ይወጣል… ሣር ይግጣል… ሳይነጋ… ይመለሳል" አለች።

"እንደኛ ነበራ!" አልኋት።